ርስት የማን ነው? የሟቹ፣ የአራሹ ወይስ ገና ያልተወለደው?

በየዶርማችን ብዙ እንከራከራለን። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ እግዜር መኖርና አለመኖር ሳይቀር ሌሊቱን እናጋምሳለን። ከመካከላችን ብዙውን በቀጥታ የሚነካ፣ ሆኖም አንሥተን የማንጨርሰው አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ የአባቶቻችን ማሳ ጉዳይ ነው። ከገበሬ ቤት የመጣን ሁሉ፣ ብናስበውም ባናስበውም፣ አንድ ቀን መልእክት ይደርሰናል፤ "አባታችሁ አርፈዋል፤ መሬቱን ልንካፈል ነውና ድረስ" የሚል። ያን ቀን ምን ብለን ነው የምንመልሰው? "ድርሻዬን አስቀምጡልኝ" ነው? "ለወንድሜ ይሁን" ነው? ወይስ ዝም ማለት?

ጉዳዩ የሕግ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሕጉንማ ጠበቃ ይነግረናል። እኔ ላነሣ የፈለግሁት ከሕጉ በስተጀርባ ያለውን ነው። ማለትም፣ አንድ ሰው ራሱ ያልመነጠረውን፣ ራሱ ያላረሰውን መሬት፣ ከእገሌ ስለ ተወለደ ብቻ "የኔ ነው" ለማለት ምን ፍትሐዊ ምክንያት አለው? ካለውስ፣ ያ ምክንያት እስከ የት ድረስ ያስኬደዋል?

1. ርስት ማለት ምን ነበር?

"ርስት" ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አባት ለልጁ እንደ ጠመንጃ ወይም እንደ በቅሎ የሚያወርሰውን፣ ወሰኑ የታወቀ ቁራሽ መሬት ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሸዋና በወሎም ብዙ ቦታ፣ ርስት ማለት ከሁሉ በፊት የመጠየቅ መብት ነበር። አገሩን መጀመሪያ ያቀና የተባለ አንድ አባት አለ። ከእሱ የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱ በኩል ቢቆጥር በእናቱ፣ "ከዚህ መሬት ድርሻ አለኝ" ብሎ መነሣት ይችላል። እንግዲህ ማንም ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ ስለዚህ ቢያንስ በስምንት በኩል ጠያቂ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወደ ላይ ከተቆጠረማ በየአጥቢያው ባለርስት ነው።

አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ጎጃም ውስጥ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ ሲያጠና ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። ከጥናቱ የምንረዳው ዋና ነገር፣ ገበሬው በመብት ደረጃ በብዙ ቦታ ባለርስት ቢሆንም በእጁ ያለው ማሳ ከመብቱ እጅግ ያነሰ መሆኑን ነው። የትኛው መብት ማሳ እንደሚሆን የሚወስነው የዘር ሐረጉ ብቻ አይደለም፤ የአንደበቱ ጥራት፣ የሹሙና የሽማግሌው ወዳጅነት፣ ሀብቱና የዘመድ ብዛቱ ጭምር ነው። ስለዚህ አንዱ ከድህነት ተነሥቶ ሰፊ መሬት ሲሰበስብ፣ የሌላው የሀብታም ልጅ በአባቱ ሞት ማግሥት በክርክር ብዛት ይራቆታል። ባንድ ቃል፣ ርስት ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕቃ አልነበረም፤ የማያልቅ ክርክር ነበር።

ይህ አሠራር መልካም ጎን ነበረው። ከአቅኚው የተወለደ ሁሉ፣ ቢያንስ በስም፣ መሬት አልባ አይባልም። ሴት ልጅም ትቆጠራለች፤ ብዙ አገር ሴት ከርስት ፈጽማ በተገለለችበት ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መሬቱም ለማንም ባለገንዘብ በቀላሉ አይሸጥም። "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ እምነት ነው። ሰው ቢሰደድ፣ ቢዘምት፣ ልጁ ባዕድ አገር ቢወለድ፣ መብቱ አይሞትም።

ይኸው ተረት ግን ተገልብጦ ሲታይ ያስፈራል። በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ከተመለሰ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ሲያርሰው የኖረውስ? ሥሩን የነቀለው፣ ድንጋዩን የለቀመው፣ ውሃ መውረጃውን የቀደደው ሰው ምኑ ነው? ተረቱ ስለሱ አንድም ቃል አይናገርም።

2. የቁጥሩ ነገር

እስቲ ፍልስፍናውን ትተን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። አንድ አባት አንድ ጋሻ ይዞ ተነሣ እንበል። አራት ልጆች ለአካለ መጠን ደረሱለት፤ ለያንዳንዳቸው 10 ሄክታር ደረሳቸው። እርግጥ ነው፣ የሚያገቡትም ሰዎች የበኩላቸውን ይዘው ይመጣሉ። የትዳር ጓደኛቸው ያንኑ ያህል ይዞ ቢመጣ፣ በሁለተኛው ትውልድ የአንድ ጎጆ መሬት 20 ሄክታር ነው። በሦስተኛው 10፣ በአራተኛው 5፣ በአምስተኛው ሁለት ተኩል፣ በስድስተኛው ትውልድ አንድ ሄክታር ከሩብ ይሆናል። ማንም ሰነፍ አልሆነም፤ ማንም አልቀማም፤ ማንም አልሸጠም። ሁሉም እኩል፣ በፍትሕ፣ በሽማግሌ ፊት በዕጣ ተካፈለ። መጨረሻው ግን ይሄ ነው።

አንድ ሄክታር ከሩብ ማለት አምስት ጥማድ ገደማ ነው። ጥማድ አንድ ጥማድ በሬ ባንድ ቀን የሚያርሰው ነውና፣ የስድስተኛው ትውልድ ጎጆ ርስቱን ሁሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ አርሶ ይጨርሰዋል። ቀጥሎ ያለው ትውልድ በሬ ለመቀለብ እንኳ የሚበቃ ሣርና ገለባ አያገኝም። ዛሬ የብዙው ደገኛ ገበሬ ይዞታ ከዚህ ቁጥር ብዙም የራቀ አለመሆኑን ከየቤታችን እናውቀዋለን።

እንግዲህ የመጀመሪያው የሞራል ችግር እዚህ ላይ ነው። ለልጆች እኩል ማካፈል ፍትሕ ነው እንላለን። ነገር ግን በእኩልነት የተካፈሉት ሁሉ በእኩልነት የሚራቡ ከሆነ ፍትሕ ምኑ ላይ ነው?

ሌሎች አገሮች ለዚህ ችግር የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። እንግሊዞች ለብዙ መቶ ዓመታት ኑዛዜ ከሌለ መሬቱን ለበኩሩ ብቻ ሲሰጡ ኖረው፣ ሕጉን የሻሩት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። መሬቱ ሳይበጣጠስ ቀረ፤ ታናናሾቹ ግን ወደ ጦሩ፣ ወደ ክህነቱ፣ ወደ ባሕር ማዶ ተበተኑ። ፈረንሳዮች በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1804 በወጣው የናፖሊዮን ሕግ ልጆች እኩል እንዲወርሱ ደነገጉ። ኖርዌዮች ደግሞ "ኦደል" የሚሉት የቆየ መብት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1814 በጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው እንዳይሻር ተደርጎ የተጻፈ ነው። እርሻው ለታላቁ ልጅ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ ደግሞ ሴት ልጅንም እኩል አድርጓታል። ልብ በሉ፤ ወራሹ በመወለዱ ብቻ አይለቀቅም። እርሻው ላይ መኖርና እርሻውን ማስኬድ ግዴታው ነው። ይህችን "ግዴታ" የምትል ቃል እንያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

3. ደም ነው ወይስ ላብ?

ርስት በምን ይጸድቃል ለሚለው ጥያቄ ሁለት የቆዩ መልሶች አሉ። አንደኛው ደም ነው፤ አባቴ ስለነበረበት የኔ ነው። ሁለተኛው ላብ ነው፤ እኔ ስለደከምሁበት የኔ ነው።

የላብን ነገር በፍልስፍና አጽድቆ የጻፈው እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ነው። ሰው የገዛ ጉልበቱ ባለቤት ስለሆነ፣ ጉልበቱን ከመሬት ጋር ሲያዋህድ መሬቱም የሱ ይሆናል ይላል። ሐሳቡ ለገበሬ ጆሮ አዲስ አይደለም፤ አያቶቻችንም "አቅኚ" የሚሉትን ሰው ያከበሩት ጫካ መንጥሮ ስላቀና ነው። ስለዚህ የርስት መነሻው ራሱ ላብ ነው! ደሙ የመጣው ኋላ ነው። እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ የአንድ ሰው ላብ ለስንት ትውልድ ይበቃል? የአቅኚው ላብ ለልጁ ምክንያት ከሆነ፣ የልጁስ፣ የልጅ ልጁስ ላብ ለምን አይቆጠርም?

በሌላ በኩል ደግሞ ደም ከንቱ ነው ብሎ መጣልም አይገባም። በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ንጉሡ አክዓብ የወይን ቦታውን ፈለገበት። ቀማኛ ሆኖ አልመጣም፤ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን በብር እሰጥሃለሁ አለው። ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት ለመስጠት እምቢ አለ፤ በሐሰት ምስክር ተወግሮ ሞተ። ናቡቴን ዛሬም የምናከብረው ለምንድን ነው? ሒሳብ አያውቅም ነበር እንዴ? አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ሁሉ ነገር በዋጋ የሚለካ አለመሆኑን ለኃይለኛ ሰው ስለተናገረ ነው።

ይሄ የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱ ለልማት ለሚወሰድበት ገበሬ፣ ካለፉት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር አባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ አሥሩን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። ገብሱ በቀመር ተሰላ። አባቱ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን፣ ዕድሩ፣ ጎረቤቱ፣ "የእገሌ ልጅ" ተብሎ መጠራቱ ግን በምን ይባዛል? አሥሩም አሥራ አምስቱም ለናቡቴ መልስ አይሆኑም።

ስለዚህ እኔ የደረስሁበት ይሄ ነው። ርስት በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም፤ በማን ላይ እንደሚነሣ ማየት ያስፈልጋል። ደካማው ከኃይለኛው ሲከላከልበት ትክክል ነው፤ ኃይለኛው ደካማውን ሲያስወጣበት ግፍ ነው። የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅበት "መሬቴ ሊለካ ነው፣ ከተለካ ርስቴ ሊሄድ ነው" ብሎ ነፍጥ አነሣ። ጦር ተላከበት። መንግሥትም በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ አንሥቶ ለማላላት ተገደደ። ያ ገበሬ ናቡቴ ነበር። ነገር ግን ያው ገበሬ መንደሩ ውስጥ ላለው ሸክላ ሠሪ ምን ነበር?

4. ከሐረጉ ውጪ የቀሩት

እዚህ ላይ ስለ ርስት በናፍቆት የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። የዘር ሐረግ የሚያስገባቸው እንዳሉ ሁሉ የሚያስወጣቸውም አሉ። ማረሻውን የቀጠቀጠው ጠይብ፣ እንስራውን የሠራችው ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳውን ያለፋው ፋቂ በብዙ ቦታ ርስት አልነበራቸውም። ገበሬው ያለ ጠይቡ ማረሻ አንድ ትልም መቅደድ አይችልም፤ ጠይቡን ግን ቡዳ ይለዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ክርስትና ያልተነሣ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ደነገገ የሚል ትውፊት አለ። ቤተ እስራኤል "ፈላሻ" የተባሉበትም ስም ከመፍለስ፣ ከርስት ከመነቀል ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። ትውፊቱ በዝርዝሩ ልክ ቢሆንም ባይሆንም፣ ለዘመናት በባለርስቱ መሬት ላይ አንጥረኛ፣ ሸማኔና ጥገኛ አራሽ ሆነው መኖራቸው ግን የታወቀ ነው።

ወደ ደቡብ ሲኬድ ነገሩ ይብሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከተደረጉት ዘመቻዎች በኋላ፣ ሰሜን ላይ "ርስቴ" የሚለው ሰው ወደ ደቡብ ወርዶ የሌላውን አባት ርስት ተቀበለ። ያገሩ ተወላጅም በገዛ አያቱ ማሳ ላይ ገባር፣ ቀጥሎም ጭሰኛ ሆነ። ያም ሰው እኮ የአቅኚ ልጅ ነበር! "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚለው ተረት ለሱ አልተተረተለትም።

የካቲት 1957 ዓ.ም. ከኛ በፊት በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ይህን አይተው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥን፣ ማከራየትን፣ መያዣ ማድረግን ከለከለ። ጭሰኛ የሚባል ስም ባዋጅ ቀረ። ይህ በታሪካችን ታላቅ ቀን መሆኑን የሚክድ ያለ አይመስለኝም።

ሆኖም ጥያቄው አልሞተም። ደም ዳኛ መሆኑ ሲቀር መዝገብ ዳኛ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ፣ በደርግ ዘመን የቀበሌ ሥራ ላይ የነበረው ገበሬ "ቢሮክራት" ተብሎ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። አንዱ መሬት አልባ ወጣት እፎይ ሲል ሌላው አለቀሰ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው ይላል። በዚያው አንቀጽ ግን፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላፈራውና ላሻሻለው ነገር ሙሉ መብት አለው፤ ማውረስም ይችላል ይላል። ይህ አስተውሎ ላነበበው የሚያስደንቅ ነው። አፈሩ ያንተ አይደለም፣ በአፈሩ ላይ ያፈሰስኸው ላብ ግን ያንተ ነው ማለቱ ነው። ግን ላብን ከአፈር የሚለይ ወንፊት የት ይገኛል? አያቴ የካበው እርከን አፈር ነው ወይስ ላብ?

5. ተምሮ የሄደው ልጅ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከላይ ያልነው ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ነው።

ሦስት ልጆች ያሉበት ቤት እንበል። ታላቁ ወንድም ከአባቱ ጋር ሲያርስ የኖረ ነው። እኅቲቱ አጎራባች አጥቢያ አግብታለች። ሦስተኛው፣ እኔ ወይም አንተ ወይም አንቺ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው። መሬቱ አምስት ጥማድ ነው። ለሦስት ቢካፈል ለያንዳንዱ አንድ ጥማድ ከሁለት ሦስተኛ ይደርሰዋል። ተማሪው ድርሻውን ምን ያደርጋታል? መጥቶ አያርስ፤ ያለው ምርጫ ለታላቁ ወንድም በእኩል መስጠት ነው። ወንድም ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ሲያበቃ ግማሹን በከረጢት አስሮ ከተማ ለተቀመጠው ወንድሙ ይልካል።

ይሄ ምን ይባላል? ስሙን እንጥራው እንጂ! ይሄ ጭሰኝነት ነው። የ1957ቱን ሰልፍ በኩራት የምናስታውስ እኛ፣ የገዛ ወንድማችን ባላባት ልንሆን ነው ማለት ነው።

"ተው እንጂ፣ የእናት ልጅ ነው፣ ምን ጭሰኛ ያደርገዋል?" የሚል ይኖራል። እሺ፣ ተቃውሞዎቹን አንድ ባንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው፣ "ሥራ ባላገኝስ?" የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ላይ አልስቅም። ዲግሪ ይዞ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲያፈጥ የሚውለውን ሁላችን እናውቃለን። ማሳዋ መጠጊያ ናት። ነገር ግን ችግር ምክንያት የሚሆነው ችግረኛው እንደ ችግረኛ ሲቀርብ ነው። ተመልሼ እርፍ እጨብጣለሁ፣ ከናንተ ጋር እደክማለሁ የሚል ልጅ እንደማንኛውም ልጅ ድርሻ ይገባዋል። ርቄ ተቀምጬ ልብላ የሚለው ግን ችግሩን ሳይሆን ደሙን ነው የሚቆጥረው።

ሁለተኛው፣ "አባቴ እኔንም እንደሱ ወልዶኛል፣ ለምን እከለከላለሁ?" የሚለው ነው። እውነት ነው ወልዶሃል። ግን እስቲ ድርሻህ ስንት ጊዜ እንደተከፈለህ ቁጠር። ደብተሩ የተገዛው ከገብሱ ነው። የኪራዩ ቤት፣ የጫማው፣ የመሳፈሪያው ገንዘብ የመጣው ከተሸጠው ወይፈን ነው። አንተ ትምህርት ቤት ስትውል ከብቱን የጠበቀው ሌላ ልጅ ነው። እዚህ ስንገባ ከመንግሥት ጋር የወጪ መጋራት ውል ተፈራርመናል፤ ሥራ ስንይዝ እንከፍላለን። ከወንድማችን ጋር ግን የተፈራረምነው ውል የለም። ስላልተጻፈ ዕዳ የለም ማለት ነው? በኔ አስተያየት ተምሮ የሄደው ልጅ ድርሻውን በደብተርና በእስክሪብቶ ወስዷል። ሁለተኛ መጠየቅ ሁለት ጊዜ መውረስ ነው።

ሕጉም ወደዚሁ ያዘነብላል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የይዞታ መብት ለቤተሰብ አባል በውርስ እንደሚተላለፍ ሲደነግግ፣ "የቤተሰብ አባል" ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ቢሆንም አነጋገሩ የሚያስተምር ነው። ቤተሰብን የለካው በመወለድ ብቻ አይደለም፤ አብሮ በመኖርና አብሮ በመብላት ጭምር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። እሱም የእኅቲቱ ነው። "እሺ፣ አንተ በትምህርት በላህ፤ ታላቃችን በማሳው በላ። እኔስ? ትምህርት ቤት አልተላክሁም፤ በአሥራ አራት ዓመቴ ተዳርሁ። እስክሄድ ድረስ ግን ውሃ ቀድቻለሁ፣ አረም አርሜያለሁ፣ እበት አውጥቻለሁ፣ ለወንፈሉ ሰው እንጀራ ጋግሬያለሁ። ላብ ከተባለ የማን ላብ ነው?" ብትል ምን እንመልሳለን?

የሚመለስ የለም። ትክክል ናት። "መሬት ላራሹ" የሚለው መፈክር ራሱ በሰዋስው ወንድ ነው። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ወንድ ነውና አራሽ ሲባል እሱ ብቻ ይታየናል። ነገር ግን እህል የሚመጣው በትልም ብቻ አይደለም፤ በአረም፣ በጉልጓሎ፣ በአጨዳ፣ በጎተራ ነው። ላብን መለኪያ ካደረግን በሙሉ እናድርገው፤ በግማሹ አይሆንም። ስለዚህ ተማሪው ድርሻውን ሲለቅ "ለወንድሜ" ብሎ ብቻ መልቀቁ አይበቃም። እኅቲቱ ድርሻዋን ከጠየቀች ከጎኗ መቆም አለበት። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የታደለው የይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መያዙ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ደብተር ላይ የተለጠፈ ፎቶግራፍ ሽማግሌዎቹ ፊት አይናገርም። መናገር ያለብን እኛ ነን፤ ያስተማሩን ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?

ታዲያ ተማሪው ባዶውን ይቀራል ማለት ነው? አይቀርም። ከርስት ውስጥ የማይታረስ ክፍል አለ። ወደ ቤት የመግባት መብት፣ በዓመት በዓል እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ልጅ ምድጃው አጠገብ መቀመጥ፣ ሲሞት ከአባቶቹ ጎን መቀበር፣ "የእገሌ ልጅ" መባል። ይህ ክፍል ቢካፈሉት አያንስም። ወንድማማቾች በአንድ ጥማድ መሬት ተካሰው፣ ተገዳድለውም ሳይቀር፣ ያጡት ይህንን ነው። ማሳውን አግኝቶ ቤቱን ያጣ ሰው ምኑን ወረሰ?

6. አደራ

እ.ኤ.አ. በ1789 አሜሪካዊው ጀፈርሰን ምድር የሕያዋን መጠቀሚያ ናት፣ ሙታን በሷ ላይ ሥልጣን የላቸውም የሚል ሐሳብ ለወዳጁ ጻፈ። በዓመቱ የአየርላንድ ተወላጁ በርክ በተቃራኒው፣ ማኅበር ማለት በሞቱት፣ በሕይወት ባሉትና በሚወለዱት መካከል ያለ ሽርክና ነው አለ። ሁለቱም አንዳንድ እውነት ይዘዋል። ሟች ማሳውን እንዲገዛ ከፈቀድንለት የሺህ ዓመት ክስ ነው የሚያወርሰን። ሕያው ብቻውን ይግዛ ካልን ደግሞ አፈሩን ጨምድዶ በልቶ ይሄዳል።

መውጫው ያለው ርስትን እንደ አደራ በማየት ላይ ይመስለኛል። አደራ የተቀበለ ሰው ባለቤት አይደለም፤ ሌባም አይደለም። ይጠቀማል፣ ይጠብቃል፣ ያስረክባል። ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ኮንሶን ይመልከት። ከተራራው ጫፍ እስከ ግርጌው በድንጋይ የተካበው እርከን ከ400 ዓመት በላይ ሲጠበቅ ኖሯል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ልብ እንበል፤ ያንን ካብ አንድ ትውልድ "አባቴ ክቦታል" ብሎ ቢቀመጥ በጥቂት ክረምት ይናዳል። እያንዳንዱ ትውልድ የወደቀውን ድንጋይ ስላነሣ ነው የቆመው። እዚያ የወረሰ ማለት የካበ ማለት ነው። የኖርዌዩ "ግዴታ" ያልነውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ያ መልእክት ሲደርሰን ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ። በዚህ መሬት ላይ እየደከመ ያለው ማን ነው፣ ስሙ ያልተጠራም ቢሆን? ይህ መሬት ቢወሰድበት ሌላ መውደቂያ የሌለው ማን ነው? ከሃምሳ ዓመት በኋላ እዚህ ቦታ ለሚወለደው ልጅ አፈሩን የሚያቆይለት የትኛው አከፋፈል ነው? በሦስቱም መልስ ውስጥ ስማችን ከሌለ፣ ድርሻችንን በፈቃዳችን፣ በሽማግሌ ፊት፣ ኋላ ልጆቻችን ተነሥተው እንዳይካሰሱበት በጽሑፍ እንልቀቅ። ስማችን ካለ ደግሞ ሳናፍር ሄደን እርፉን እንጨብጥ።

ይህ ከባድ ነው የሚል ካለ፣ እውነት ነው፣ ከባድ ነው። በሰልፍ "መሬት ላራሹ" ማለት የሌላን ሰው መሬት ለሌላ ሰው መስጠት ነው። በአባት ቤት፣ በዕጣው ቀን ማለት ግን የራስን መስጠት ነው። የማይስማማ ጓደኛ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍና እንከራከር፤ ወንድሞቻችን ሳይጠሩን ብንጨርሰው ይሻላል።